ዓላማችን አስቀድሞ ከተወሰነ ነፃነታችን የቱ ጋ ነው?

ከመስቀል አደባባይ ሽቅብ ሲወጡ፣ ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት አፍሪካ አዳራሽ አለ። እዚያ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ይታያል። የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። (ሙሉ ማዕረጋቸውን «እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት…» እያልኩ ብጽፍ አንቀጹ ያልቅብኛል፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።)

እኚህ ሰው በ1947 እ.ኤ.አ. ገና ታዳጊ ሳሉ ወደ እንግሊዝ የተላኩት ሥዕል እንዲማሩ አልነበረም። የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ነበር። አገሪቱ ከጦርነት የወጣች ናት፤ መሐንዲስ ያስፈልጋታል፤ ልጁ ጎበዝ ነው። ምን ሆነው እንደሚመለሱ ሳይሳፈሩ ተወስኗል። እሳቸው ግን ለንደን ውስጥ ወደ ሥዕል ትምህርት ቤት ዞሩ። አፍሪካ አዳራሽ በ1961 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ የታወቁ ሠዓሊ ነበሩ።

ይህን ታሪክ ስንሰማ ቶሎ የምንደርስበት ድምዳሜ አለ። ሌላ ሰው የሰጠህ ዓላማ እስር ቤት ነው፤ ሰብረህ ስትወጣ ነፃ ትሆናለህ። ያምራል። ግን ችግር አለበት። ምሕንድስናውን ትቶ ወደ ሥዕል የሚሄድ ወጣት ምክንያቱን ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «የተፈጠርኩት ለዚህ ነው» ይላል። ይኼም እኮ አስቀድሞ የተወሰነ ዓላማ ነው! ያውም ከመንግሥት ዕቅድ የባሰ፣ ሳይወለድ በፊት የተወሰነ። አንደኛው ዓላማ አሰረው፣ ሌላኛው ፈታው። ስለዚህ «አስቀድሞ የተወሰነ ዓላማ ነፃነትን ይገድባል?» የሚለው ጥያቄ በአዎ ወይም በአይደለም አያልቅም። ምን ዓይነት ዓላማ እንደሆነና ዓላማውን መጠየቅ ይፈቀድ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ አንድ ውዥንብር እናጥራ። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ዕጣ ፈንታና ዓላማ ሁሌም ይደባለቃሉ። «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚል ሰው የሚያወራው ስለሚደርስበት ነገር ነው። ቢተኛም ቢሮጥም ይደርስበታል። ዓላማ ግን ሊሳት ይችላል። አንድ ሰው ለአንድ ነገር ተፈጥሮ፣ ያንን ነገር ሳያደርገው ሊሞት ይችላል። ዕጣ ፈንታ አይሳትም፤ ከተሳተማ ዕጣ ፈንታ አልነበረም። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ግማሹን ክርክር ይዘጋል። «ዓላማ አለህ» ስንል ሰውየው እሺም እምቢም ማለት እንደሚችል አምነን ጀምረናል ማለት ነው። ዕጣ ፈንታ አለ ወይስ የለም የሚለው ሌላ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አልገባበትም።

በፍልስፍናው ዓለም ክርክሩን ሁለት ሰዎች ከጫፍና ከጫፍ ይዘውታል። አንደኛው ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው አርስቶትል ነው። እንደሱ አስተሳሰብ ሁሉም ነገር የሚያመራበት ፍጻሜ አለው። ዓይን ሥራው ማየት ነው። የዋሽንት ነፊ ሥራ ዋሽንት መንፋት ነው። ታዲያ ሰው ሰው በመሆኑ ብቻ ሥራ የለውም? አለው ይላል፤ በአእምሮው እየተመራ በጎ ሆኖ መኖር። ማደግ ማለትም ወደዚያ መቅረብ ነው። ይህን ሐሳብ ለመጣል የሚቸኩል ሰው አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። የምንሄድበት ከሌለ «አደግሁ» ማለት ምን ማለት ነው? ወዴት አደግሁ?

ሁለተኛው ፈረንሳዊው ዣን ፖል ሳርትር ነው። በጥቅምት 1945 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ በሰጠው ንግግር የወረቀት መቁረጫ ቢላን ምሳሌ አደረገ። እኛ በጀበና እንተካው። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ሳትነካ በፊት ጀበና ለምን እንደሚሆን ታውቃለች። ዓላማው ይቀድማል፣ ጀበናው ይከተላል። ሰው ግን እንዲህ አይደለም አለ ሳርትር። ሰው መጀመሪያ ይገኛል፤ ማን እንደሆነ በኋላ በምርጫው ይሠራዋል። ሳርትር በፈጣሪ አያምንም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ያሰበን የለም ባይ ነው። ይህ ነፃነት ግን ለሱ የፌሽታ ምክንያት አልነበረም። የተፈረደብን ነገር ነው የሚለው። ማሳበቢያ የለማ!

እዚህ ላይ ሳርትርን መሞገት እፈልጋለሁ። ጀበና የተሠራበትን ዓላማ አያውቅም። ቡና ሰለቸኝ ብሎ አያኮርፍም። ሰው ግን ያውቃል፣ ይከራከራል፣ ያኮርፋል። ስለዚህ ሰው ለአንድ ነገር የተፈጠረ ቢሆን እንኳ ዕቃ በሚሠራበት መንገድ የተሠራ አይሆንም። ሳርትር ያፈረሰው «ሰው ዕቃ ነው» የሚለውን ሐሳብ ነው። እሱን ማፍረሱ ጥሩ። «ሰው ዓላማ አለው» የሚለው ግን ገና አልተነካም።

መሃል አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ይህን ጉዳይ ያለ ሃይማኖት ማውራት አይቻልም። አራት ኪሎ ከሥላሴ ካቴድራል የምትወጣ እናት፣ ፒያሳ ቤኒ መስጊድ ሰግዶ የሚወጣ ነጋዴ፣ «ለምን ተፈጠርን?» ቢባሉ መልስ አያጡም። ዓላማው ለነሱ የታወቀ ነው። ታዲያ ነፃነት የላቸውም?

መጽሐፎቹን እንያቸው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15 ላይ እግዚአብሔር ሰውን ፈጥሮ ለራሱ ምርጫ እንደተወው ይናገራል። እሳትና ውሃ ቀርቦልሃል፣ እጅህን ወደ ወደድከው ስደድ ይላል። ቁርኣን ደግሞ በ51ኛው ምዕራፍ ሰው የተፈጠረው አላህን እንዲገዛ ብቻ እንደሆነ ይገልጻል። ከዚህ የበለጠ አስቀድሞ የተወሰነ ዓላማ ከየት ይመጣል? ያው ቁርኣን ግን በሁለተኛው ምዕራፍ በሃይማኖት ማስገደድ እንደሌለ ይናገራል። ሊቃውንት ስለ ቀደር፣ ማለትም ፈጣሪ አስቀድሞ ስለወሰነው ነገር፣ እና ስለ ነፃ ፈቃድ ለዘመናት ተከራክረዋል። ያንን በአንድ አንቀጽ እጨርሳለሁ ማለት ድፍረት ነው። ለእኛ የሚበቃው ዓላማው በተነገረበት ቦታ ሁሉ ከጎኑ ምርጫ መቆሙ ነው።

ለምን? ዓላማው በግድ የሚፈጸም ዓይነት ስላልሆነ ነዋ። ሰውን አስገድዶ ጉድጓድ ማስቆፈር ይቻላል። ከልቡ እንዲወድ ማስገደድ ግን አይቻልም። ውደድ፣ እመን፣ ደግ ሁን የሚሉ ዓላማዎች ነፃነት ከሌለ ጭራሽ አይፈጸሙም። እዚህ ላይ ነፃነት የዓላማው ተቀናቃኝ መሆኑ ይቀርና መሣሪያው ይሆናል።

ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብም እዚህ ይነሳል። በ1667 እ.ኤ.አ. እንደተጻፈ የሚነገርለት ሐተታው፣ ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ብዙ የደከሙበት ነው። እርግጥ ደራሲው ማን ነው የሚለው ዛሬም ያጣላል። ከ1920 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንዳንድ ምሁራን የጻፈው በ19ኛው መቶ ዘመን የእጅ ጽሑፉን አገኘሁ ያለው ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ነው ይላሉ። ማንም ይጻፈው፣ ሐሳቡ ለጉዳያችን ይጠቅማል። ፈጣሪ ሰውን የሥራው ባለቤት አድርጎ ፈጠረው፤ ክፉም ሆነ ደግ የመሆን ምርጫ ሰጠው ይላል። አእምሮም የሰጠው እንዲመረምር ነው። ስለዚህ መጠየቅ ከዓላማ መውጣት አይደለም፤ ዓላማውን መፈጸም ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው በፈጣሪ አጥብቆ ያምናል። ከሳርትር ጋር አንድ ቡና አይጠጡም። ሆኖም ሁለቱም ሰው ሳይጠይቅ እንዳይኖር ይፈልጋሉ።

እንግዲህ ዓላማ ሁለት ዓይነት ነው ብዬ አስባለሁ። አንዱ እንዴት እንደምንኖር የሚናገር ነው፤ እውነተኛ ሁን፣ ለሰው ትረፍ፣ እግዚአብሔርን ፍራ። ይህ ወደ ሺህ ዓይነት ሕይወት ይገባል። ሊስትሮም፣ ሚኒስትርም፣ መነኩሴም ሊፈጽመው ይችላል። ሌላው ምን እንደምንሆን የሚወስን ነው፤ ዶክተር ሁን፣ ሱቁን ውረስ፣ እስከዚህ ዕድሜ አግባ። ይህ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያው አስቀድሞ ቢወሰንም ቦታ ይሰጣል። ሁለተኛው ያጠብባል። ችግራችን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ልብስ አልብሰን መስጠታችን ነው። አባት ልጁን «ዶክተር ሁን» ማለቱ ሳያንሰው «እግዚአብሔር ለዚህ ነው የሰጠኝ» ይጨምርበታል። ልጁ አሁን አባቱን ብቻ አይደለም እምቢ የሚለው።

እኛ ጋ ይህ ገና በጨቅላነት ይጀምራል። ታላቁ ወይም ታላቋ የሞተችበት ሕፃን ምትኩ፣ ካሣ ወይም ማስረሻ ይባላል። ገና አፉን ሳይፈታ የሥራ ድርሻ ተሰጥቶታል። ስሙን ያወጡት ወላጆች ክፉ አስበው አይደለም፤ ሐዘናቸውን የሚያስቀምጡበት ስላጡ ነው። ሆኖም የሌላ ሰው ምትክ ሆኖ ማደግ ቀላል አይመስለኝም። ምትኩ የሚባል ሁሉ ተጎድቷል እያልኩ እንዳይመስልብኝ። ብዙዎቹ ስማቸውን ከቁም ነገርም አይቆጥሩትም።

መንግሥትም የራሱን ያክላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የ70 በ30 አሠራር ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡ ተማሪዎች 70 በመቶው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማሩ የሚል ነበር። ለአገር ዕቅድ አንድ ነገር ነው፤ አገር መሐንዲስ ያስፈልጋታል ማለት ስህተት አይደለም። ግን ቁጥሩ ሲወርድ እያንዳንዱ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። ስንቱ ታሪክ እወዳለሁ እያለ ኤሌክትሪካል ደርሶታል። «ምን ደረሰህ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ብዙ ይናገራል። ሎተሪ ነው እንዴ?

ታዲያ ከቤተሰብ ወይም ከመንግሥት የመጣ ዓላማ ሁሉ ሰውን ያጠብበዋል? የሥነ ልቦና ሰዎች እዚህ ላይ ጠቃሚ ነገር አላቸው። አሜሪካውያኑ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ለአሥርት ዓመታት ያጠኑት ሰው አንድን ነገር በራሱ ፈቃድ ሲያደርግና ተገፍቶ ሲያደርግ ያለውን ልዩነት ነው። እነሱ እንደሚሉት በራስ ፈቃድ መሥራት ማለት ብቻን መወሰን ማለት አይደለም። የአባቱን ሙያ የወረሰ ልጅ ሙያውን አምኖበት ከያዘው ነፃ ነው። ያንኑ ሙያ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ከያዘው ነፃ አይደለም። ከውጭ ስታዩአቸው ሁለቱም ያው ናቸው። ልዩነቱ ውስጥ ነው። ይህን ለእኛ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ይሉኝታ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ማንም ሳይዘው ተይዞ የሚኖር ሰው ሞልቷል።

በዚህ መለኪያ በጣም ጠባብ የሚመስል ሕይወት ሰፊ ሆኖ ይገኛል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወለዱ። ለንደን ሄደው ሙዚቃ የመማር ዕድል አግኝተው ነበር፤ ግን ተከለከሉ። ከዚያ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። ገዳም ማለት ሰዓቱም ምግቡም ልብሱም የተወሰነበት ቦታ ነው። ሆኖም ከምንኩስናው በኋላ የሠሩት የፒያኖ ሙዚቃ ዛሬ በመላው ዓለም ይደመጣል። በ2023 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ውስጥ እስኪያርፉ ድረስ መነኩሲት ነበሩ። መከልከሉ ደግ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ነጥቤ የተቀበሉት ሥርዓት ዕድገታቸውን አለማቆሙ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ጣል ላድርግ። አፈወርቅንና እማሆይን የምናውቃቸው ስለተሳካላቸው ነው። ምሕንድስናውን ትቶ ወጥቶ ሥዕሉም ያልሆነለት ሰው ስም በየትም አልተጻፈም። ከታዋቂ ሰው ታሪክ ተነስቶ «አንተም ትተህ ውጣ» የሚል ምክር ሲመጣ ጠርጥሩ።

ወደ ዕድገት እንምጣ። ካናዳ ውስጥ ያስተማረው ጄምስ ማርሻ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ወጣቶች ማንነታቸውን የሚይዙበትን መንገድ በአራት ከፍሏል። ሁሉን አልዘረዝርም። ለእኛ የሚጠቅሙት ሁለቱ ናቸው። አንደኞቹ ፈትሸው፣ ግራ ተጋብተው፣ በኋላ የያዙ ናቸው። ሌሎቹ ሳይፈትሹ ቤተሰብ የሰጣቸውን እንዳለ የተቀበሉ ናቸው። ሁለተኞቹን ላያቸው ሰው የተረጋጉ ናቸው፤ ወላጅ የሚመኘው ዓይነት ልጅ። ነገር ግን ማርሻ ውጥረት ያለበት የአስተሳሰብ ፈተና ሲሰጥ የበለጡት ፈትሸው የያዙት ነበሩ። ሳይጠይቁ የተቀበሉት ደግሞ ለአለቃና ለሥልጣን መታዘዝን አብልጠው ያከብሩ ነበር፤ ሲሳሳቱም ግባቸውን ማስተካከል ይከብዳቸው ነበር። ጥናቱ የተሠራው በአሜሪካ ወንድ የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ስለሆነ ለስድስት ኪሎ እንዳለ አይገለበጥም። ግን ሐሳቡ ይገባል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ዓላማ ይዘው፣ አንዱ ነገር ሲከብድ መንገዱን ያስተካክላል። ሌላው ማስተካከልን አልተለማመደም።

እስካሁን ስለተሰጠን ዓላማ ነው ያወራሁት። ራሳችን የመረጥነውስ? ደህና ይመስላል አይደል? በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ ማንም አላስገደዳቸውም። የቤተሰብ ዕቅድ ዲግሪ ይዞ ቢሮ መግባት ነበር። እነሱ ሌላ ዓላማ መረጡ፤ ፍትሐዊ ዓላማም ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን በየድርጅቱ ውስጥ ዓላማው እንዳይጠየቅ ተደረገ። የተለየ ሐሳብ ያነሳ «አድኃሪ» ወይም «አናርኪስት» ተባለ። ከዚያ የሆነውን የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። በነፃነት የተያዘ ዓላማም ጥያቄ ሲከለከልበት ሰውን ይበላል።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ አይዛያ በርሊን በ1958 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ላይ በሰጠው ታዋቂ ንግግር ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው። አንድ ሰው ወይም ፓርቲ «የአንተን እውነተኛ ዓላማ ካንተ ይልቅ እኔ አውቃለሁ» ማለት ሲጀምር፣ እያስገደደህ «ነፃ እያወጣሁህ ነው» ሊልህ ይችላል። እምቢ ስትል እምቢ ያለው እውነተኛው አንተ አይደለህም ይልሃል። ይህ ፖለቲካ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። «አሁን አይገባህም፣ በኋላ ታመሰግነኛለህ» የሚለው የቤት ንግግር የሱ ታናሽ ወንድም ነው። አንዳንዴ እውነት ነው እርግጥ፤ የአምስት ዓመት ልጅ ክትባት ሲወጋ።

በዚህ ሁሉ የተሰላቸ ወጣት ወደ ሌላ ጫፍ ይሄዳል። ዛሬ አነቃቂ ንግግር የሚሰጡ ሰዎች በየአዳራሹ «ራዕይህን አግኝ» ይላሉ። ዓላማህ ውስጥህ የሆነ ቦታ ተቀብሯል፣ ቆፍረህ አውጣው። የቤተሰብ ዓላማ ጨቋኝ ነው ብሎ የሸሸው ልጅ እዚህ ሌላ አስቀድሞ የተወሰነ ዓላማ ይሸጥለታል፤ ያውም የመግቢያ ተከፍሎበት። ፖል ኦኪፍ፣ ካሮል ድዌክና ግሬግ ዋልተን በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህን ይነካል። ፍላጎት ተሠርቶ የሚገኝ ነገር ነው ብለው እንዲያስቡ የተደረጉ ሰዎችን፣ ፍላጎት እየተኮተኮተ ያድጋል ብለው እንዲያስቡ ከተደረጉት ጋር አነጻጸሩ። ለሁለቱም በሕዋ ውስጥ ስላለው ጥቁር ጉድጓድ (ብላክ ሆል) የሚያወራ ማራኪ ቪዲዮ ታየ። ሁለቱም ተመሰጡ። ቀጥሎ በዚያው ርዕስ ከባድ ጽሑፍ ተሰጣቸው። «ተሠርቶ ይገኛል» የሚሉት ፍላጎታቸው ይበልጥ ወረደ። ይገባል። የኔ ከሆነ ለምን ይከብደኛል ይላሉ፤ ሲከብዳቸው የኔ አይደለም ብለው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ዕድገትን በዚህ መልክ የሚያቆመው ዓላማው አይደለም፤ ዓላማው ያለቀ ነገር ነው ብሎ ማመኑ ነው።

ዓላማ አለመኖሩም ቢሆን በራሱ ነፃነት አያመጣም። ጠዋት ተነስቶ ሁሉም በር ክፍት የሆነለት ሰው አንዱንም ሳይገባ ሊመሽበት ይችላል። ሥራ ፈትቶ ፒያሳ የሚዞር ወጣት ሰዓቱን የሚያዝበት የለም፤ ነፃ ነኝ ግን አይልም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። መምረጥ ገንዘብ ይጠይቃል። የኔታ ቤት ሳይቀር ምሳ ተቋጥሮለት የተማረና በሬ ተሸጦለት አዲስ አበባ የመጣ ልጅ ዓላማ የመቀየር ዋጋው እኩል አይደለም። ሁለተኛው ሲወድቅ ታናናሾቹም አብረውት ይወድቃሉ። ለሱ «ልብህን ተከተል» ማለት ከሌላው ኪስ መቸር ነው።

ስለዚህ አንድ ዓላማ እያጠበበኝ ነው ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው እኔ የማየው ጥቂት ነገር ነው። ዓላማውን ጮክ ብሎ መጠየቅ ይቻላል? ተጠይቆ መልስ አለው ወይስ ቁጣ ብቻ? የተሰጠኝ እንዴት እንደምኖር ነው ወይስ ምን እንደምሆን? ነገ ብተወው የማጣው ምንድን ነው፤ ገንዘብ ነው፣ የሰው ፊት ነው፣ ወይስ ራሴ የምወደው ነገር? የመጨረሻው ከሆነ ዓላማው ከማንም ይምጣ፣ የራሴ ሆኗል።

ለዶክተርነት ታጭቶ ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ልጅ ደግሞ ይህን ሁሉ ለአባቱ ማንበብ አይጠበቅበትም። አዲስ አበባ ውስጥ አባትን ፊት ለፊት «አልፈልግም» ከማለት አክስትን መላክ ይቀላል፤ ሽምግልና ለትዳር ብቻ አልተፈጠረም። ብልህ አክስት «ፍቀድለት» ብላ አትጀምርም። «ወንድሜ፣ ዶክተር እንዲሆን የፈለግከው ለምን ነበር?» ብላ ነው የምትጠይቀው። መልሱ ብዙ ጊዜ «እንደኔ እንዳይቸገር ብዬ ነዋ» ነው። ከዚያ በኋላ የሚወራው ስለ ዶክተርነት መሆኑ ይቀራል። ሌላው ሙያ ምን ያበላል፣ ልጁ ስንት ዓመት ይሞክር፣ ካልሆነለት ወዴት ይመለሳል፣ እስከዚያ የታናናሾቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ማን ይችላል፤ በነዚህ ላይ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይቻላል።